በደግነት አደራ የመብላት ዘዴ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ዝናቡ ያካፋል። የፖሊስ ኤክስፕሎረሮቹ ልምምድ አብቅቶ ሁሉም ተበትኗል። በጣቢያው ፓርኪንግ የቀረው አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ መንገድ መንገዱን ያያል። እናቱ ተረካቢዋ ስለዘገየችባት ከሥራ አልወጣችም። የእኔ መኪና እዚያው ቆማለች። ቤታቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ልጁ ደግሞ የአገሬ ሰው ልጅ ነው።

አማካሪ የምንባለው በጎ ፈቃደኞች ነገር የምናበላሸው እንዲህ ባለ ምሽት ነው፤ በክፋት ሳይሆን በደግነት። ስለዚህ ይህ የስህተት መመሪያ የተጻፈው ለክፉ ሰው አይደለም። ልጅ ለሚወዱት፣ ጊዜዎን ያለ ክፍያ ለሚሰጡት ለእርስዎ ነው። ቀጥሎ ያለውን አንድ በአንድ ቢፈጽሙ የተሰጠዎትን አደራ ያለ ጥርጥር ይበላሉ።

አንደኛ፦ ለደንብ ልብሱ ብለው ይመዝገቡ። በአሜሪካ የፖሊስ ኤክስፕሎረር ፕሮግራም ከ14 እስከ 20 ዓመት ለሆናቸው ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች የሚያቋቁሙት ቀድሞ ቦይ ስካውት ይባል ከነበረው የአገሪቱ የስካውት ድርጅት ጋር በተያያዘው በኤክስፕሎሪንግ በኩል ነው። ልጆቹ የሬዲዮ አነጋገር፣ መኪና ማስቆም፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ በበዓል ቀን ትራፊክ ማስተናበር ይለማመዳሉ። እርስዎ በወጣትነትዎ ያልሆኑትን ፖሊስ አሁን ለመሆን ከመጡ ግን ምሽቱ የእርስዎን ታሪክ በመስማት ያልቃል። ከኋላ የተቀመጠችውን ዝምተኛ ልጅ አያዩዋትም። አንድ ማታ እንዲህ ያለችውን ልጅ ሬዲዮ ስትለማመድ አየኋት። ቁልፉን ተጭና፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ የተሰጣትን ቁጥር ተናገረች፤ ተሳሳተችም። አንድ አዋቂ ሳቀ። ሬዲዮውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ያን ማታ ዳግም አልነካችውም። ልጅ ደንብ ልብስ ከለበሰ ሰው አስቀድሞ የሚማረው እሱ ሲሳሳት ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ነው።

ሁለተኛ፦ ደንቡ ለሌላ ሰው የወጣ ነው ብለው ያስቡ። የፕሮግራሙ ሕግ ግልጽ ነው። በእንቅስቃሴዎቹ ላይ ቢያንስ ሁለት የተመዘገቡ፣ 21 ዓመት የሞላቸው አዋቂዎች ይገኙ፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው አይሁን ይላል። የስልክ መልእክትም ከዚህ አያመልጥም። እርስዎ ግን ባክግራውንድ ቼኩን አልፈዋል፤ ራስዎንም ያውቃሉ። ስለዚህ ልጁን ብቻዎን ቤቱ ያደርሱታል። ማታ "እንዴት ዋልክ?" ብለው በግል ይጽፉለታል። ትንሽ ስጦታ ሰጥተው "ለሌሎቹ እንዳትነግር" ይሉታል። ክፉ ሐሳብ የለብዎትም። ለልጁ ያስተማሩት ግን ይህን ነው፦ ደግ አዋቂ ብቻውን ይመጣል፣ በድብቅ ይጽፋል፣ ዝም በል ይላል። ነገ ሌላ ሰው ይህንኑ ሲያደርግ ልጁ በምን ይለየው? ባክግራውንድ ቼክ የሚይዘው ከዚህ በፊት የተያዘውን ሰው ብቻ ነው። ያልተያዘው የሚደበቀው እርስዎና እኔ በደግነት ባላላነው ደንብ ሥር ነው።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። ዘ ማርሻል ፕሮጀክት የተባለው የዜና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ምርመራ፣ ከ1974 ወዲህ የፖሊስ ባልደረቦች በኤክስፕሎረሮች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ወይም ነውረኛ ድርጊት ፈጽመዋል የሚሉ ወደ 200 የሚጠጉ ውንጀላዎችን ሰብስቧል። አብዛኞቹ ተጎጂዎች በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው።

ሦስተኛ፦ ወላጅን ያርቁ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር የእኛ ሰው ልጁን ፖሊስ ጣቢያ አድርሶ ሲመለስ ልቡ ያርፋል፤ ከዚህ የታመነ ቦታ ያለ አይመስለውም። ጥያቄ ማብዛትም ሰውን መጠርጠር ሆኖ ይታየዋል። "አደራ" ብሎ ይሄዳል። ይህን ዝምታውን እንደ ፈቃድ ይቁጠሩለት። ስብሰባ ሲጠሩት አስተርጓሚ አይፈልጉ፤ ልጁ ያስተርጉም፤ ስለ ራሱ የተባለውን እየመረጠ ይንገረው። አባትየው የኃላፊውን ስምና ስልክ ሳያውቅ ዓመቱ ይለቅ።

አራተኛ፦ ሲጠረጥሩ እስኪያረጋግጡ ይጠብቁ። ባልደረባዎ አንዲቷን ልጅ ዘወትር ከራሱ ጋር ሲመድባት አይተዋል። በመኪናው አብራው ዞራ ስትመለስ ዝም ማለት አብዝታለች። ይሉኝታ ይይዝዎታል፤ "በሰው ስም ለምን እገባለሁ?" ይላሉ። ልጅቷን ጠርተው ራስዎ ይመረምሯታል። ቀጥሎም ባልደረባዎን ጠጋ ብለው "እንዲህ እየተባለ ነው" ይሉታል። በዚህ መንገድ እሷ ትፈራለች፣ እሱ ይጠነቀቃል፣ ማስረጃውም ይጠፋል። ደንቡ ግን ከእርስዎ ማረጋገጫ አልጠየቀም። በቅን ልቦና መጠርጠርዎ ለሚመለከተው አካል ለማመልከት በቂ ነው፤ ማጣራት የሌላ ሰው ሥራ ነው። የተጠረጠረው ፖሊስ ቢሆንም መሄጃ አይጠፋም፤ በልጆች ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት ጥቆማ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በየስቴቱ አለ። መሥሪያ ቤትን የሚያዋርደው የተነገረ ጥርጣሬ ሳይሆን ለዓመታት የታፈነ እውነት ነው።

በዚያ ዝናባማ ምሽት እኔም የመኪና ቁልፌን አውጥቼ ነበር። መልሼ ኪሴ ከተትኩትና ገና ሩቅ ላልሄደው ለሌላው አማካሪ ደወልኩለት፤ ተመለሰ። ሦስታችንም ከጣቢያው በር መብራት ሥር፣ ካሜራው በሚያየው ቦታ ቆምን። እናቱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደረሰች፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። የልጇን ርጥብ ጫማ አየች።

"ምነው ወንድሜ፣ አሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ! ብታደርሰው ምን ነበረበት?" አለችኝ፤ ቅር ብሏታል።

"እህቴ፣ እኔን የምታውቂኝ በሰላምታ ብቻ ነው" አልኳት። "ከዚህ ፕሮግራም ልጅሽን ብቻውን መኪናው ውስጥ የሚያስገባ ሰው ካየሽ፣ እኔም ብሆን፣ ደንብ አፍርሷልና ለኃላፊው ደውዪ።"

ቁጥሩን ሰጠኋት። እዚያው ዝናብ ላይ ቆማ ስልኳ ላይ መዘገበችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

"ሰማህ?"

"ሰማሁ፣ እማ።"