ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር አቶ ኦቲፒ

ቁጥር፦ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይደርስዎታል፤ ለማንም አይስጡት
ጉዳዩ፦ ሥራዎን በአማርኛ እንዲያስታውቁ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፦

ይህ ደብዳቤ የሚደርስዎት ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከቁይ ነው። በዚህ አገር እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል፣ እህል ይቀርብለታል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን «የማን ልጅ ነህ?» መባሉ አይቀርለትም። እርስዎና ወንድሞችዎ ፒን፣ ፒዩኬ፣ ሲም፣ ኤቲኤምና ዩኤስኤስዲ ግን ማንም የአባታችሁን ስም ሳይጠይቅ ገብታችሁ ከሰው ኪስ ተቀምጣችኋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የጤፍ ሽያጭ ገንዘብም፣ ልጅ ከአዲስ አበባ ለእናቱ የሚልከውም በእናንተ በኩል ማለፍ ጀምሯል። ቤተዘመድ መሆናችሁ ካልቀረ ስለ ጠባያችሁ በግልጽ ብንነጋገር ቅር አይልዎትም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ከወንድሞችዎ እንጀምር። ፒን ማለት የግል መለያ ቁጥር ነው፤ ስሙ ውስጥ ቁጥር እያለ ሁላችንም «ፒን ቁጥር» እንለዋለን። ኤቲኤምንም ስሙ ራሱ ማሽን ማለት ሆኖ ሳለ «ኤቲኤም ማሽን» እንላለን። በዚህ የሚስቅብን ካለ፣ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታው ሕዝብም እንዲሁ እንደሚል ይወቅ። ፒዩኬ የተቆለፈ ሲም መክፈቻ ነው። ፒን 3 ጊዜ ከተሳሳተ በሩ ይዘጋና ባለ 8 አሃዙ ፒዩኬ ይጠራል፤ እሱም 10 ጊዜ ከተሳሳተ ሲም ካርዱ አበቃለት፣ ሽማግሌ ቢላክም አይመለስም። የዩኤስኤስዲ ስም ሲተረጎም «ያልተዋቀረ ተጨማሪ የአገልግሎት መረጃ» የሚል ነገር ይወጣዋል፤ ይህን አንብቦ ሰውዬው ምን እንደሚሠራ የገባው ካለ ሹመት ይገባዋል። በተግባር ግን ከሁላችሁም ትሑቱ እሱ ነው። በኮከብ ተጀምሮ በመሰላል የሚያልቅ ቁጥር መንካት ብቻ ነው፤ ስማርት ስልክ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ የስልክ ኔትወርክ ባለበት ሁሉ ሊሠራ የሚችለው እሱ ነበር። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሥራውን ግን የነካው ሁሉ ያውቃል፤ «ገንዘብ ለመላክ 1ን ይጫኑ» ብሎ በአማርኛ ማናገር ይችላላ! ይህችን ልብ ይበሉልን፤ ክርክራችን የሚነሣው ከእሷ ነው።

እርስዎን ግን እንዲህ አናውቅዎትም። ሙሉ ስምዎ ዋን ታይም ፓስወርድ፣ በእኛው ቋንቋ አንዴ ብቻ የሚያገለግል የይለፍ ቁጥር ነው። ሥራዎ የከበረ ነው፤ ይህን አንክድም። የሚስጥር ቁጥር ከጀርባ ቆሞ በሚያይ ዓይን ሊሰረቅ ይችላል፤ ስለዚህ ባንኩ «ይህን የሚያዝዘው ሰው ስልኩ በእርግጥ በእጁ ነው ወይ?» ብሎ ለማጣራት እርስዎን ወደ ስልኩ ይልካል። የፋይዳ መታወቂያም ባለቤቱን በስልኩ በኩል ሲያረጋግጥ የሚልከው እርስዎን ነው። ጥቂት ደቂቃ ኖረው ያልፋሉ። ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው፦ ሰውየው ራሱ በከፈተው ገጽ ላይ እርስዎን መጻፉ ተገቢ ነው፤ ደውሎ «አንብብልኝ» ለሚለው መናገር ግን ስልኩን አውጥቶ እንደ መስጠት ነው። ቁጥሩን የላከ ባንክ ቁጥሩን ለማወቅ የሰው አፍ አይጠብቅም። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ስምዎ የትኛውን ይናገራል? «ኦቲፒ» ሲባል የዕጣ ቁጥር ይሁን የደረሰኝ፣ የሚለይበት ምልክት የለውም።

ሌባው እንዲህ አይደለም። «እንደምን ዋሉ አባባ? ከባንክ ነው የምደውለው። ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ እንዳይጉላሉ ብዬ ነው። አሁን ስልክዎ ላይ ስድስት ቁጥር ገብቷል፤ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ፣ እጠብቅዎታለሁ።» እዚህ ውስጥ አንድም ምህጻረ ቃል የለም። ሰላምታ አለ፣ አክብሮት አለ፣ ምክንያት አለ፣ «ቀስ ብለው» የሚል ርኅራኄ ሳይቀር አለ። በዚያችው ደቂቃ የሚገባው የባንክ መልእክት ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል «ዲር ከስተመር» ብሎ ይጀምርና እርስዎን በስምዎ ጠርቶ «ዱ ኖት ሼር» ብሎ ያልቃል። አጥፊው በአገሩ ቋንቋ በጆሮ ይገባል፤ ጠባቂው በባዕድ ፊደል ስክሪን ላይ ቆሞ ይቀራል። ጎጃም ዘረፋን በሁለት መልክ ያውቀዋል፤ ቅኔም ይዘረፋል፣ ገንዘብም ይዘረፋል። በሁለቱም ቋንቋውን የቻለ ይቀድማል።

«ችግሩ የገበሬው አለመማር ነው፤ ሥልጠና ይሰጠው» የሚሉ ጠበቆች እንዳሉዎት እናውቃለን። ክቡር ሆይ፣ ይህ አገር የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ያለበት፣ ተማሪ አኮፋዳውን ተሸክሞ የአንድ ቃል ምሥጢር ለመፍታት ሌሊት የሚያድርበት አገር ነው። ከባድ ቃል አያስፈራንም። ቅኔ ግን ከተዘረፈ በኋላ የሚፈታው መምህር አለው፤ እርስዎ ፈቺ የለዎትም። አዲስ ቃል ፍጠሩልን እያልንም አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ብዙ ቃል ቀርጾ ነበር፤ ብዙዎቹ ከገጹ ወጥተው ገበያ አልደረሱም፣ የምሁራኑ ድካም ያሳዝናል። «የሚስጥር ቁጥር» ግን ባንክ ቤትም ገበያም ገብቶ ይኖራል፤ ስሙ ራሱ «አትናገረኝ» ይላልና። እንግዲህ እርስዎም የሚጠሩበትን ስም ይያዙ፤ ከጎኑ ሥራዎ ይነገር፣ ይበቃናል።

ቴክኒክ አዋቂዎቹ ደግሞ ሌላ ምክንያት ያመጣሉ፦ አማርኛ ቦታ ይፈጃል። ይህ ከባዶ የተነሣ አይደለም። አንድ አጭር መልእክት የሚሸከመው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ለእያንዳንዱ ሆሄ 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ሆሄ ይይዛል፤ አንድ የእኛ ፊደል ሲገባበት ግን ለእያንዳንዱ 16 ቢት ያስፈልግና ወደ 70 ይወርዳል። እንግዲህ እንቁጠር። «ዱ ኖት ሼር ኢት ዊዝ ኤኒዋን» የሚለው ማስጠንቀቂያ በላቲን ሲጻፍ ክፍተቱ ተቆጥሮ 27 ሆሄ፣ 189 ቢት ነው። «ለማንም አይንገሩ» 10 ፊደል፣ 160 ቢት ነው። ፊደላችን ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር በአንድ ስለሚያስር፣ ግሳችንም አድራጊውንና እምቢታውን አንድ ላይ ስለሚሸከም ቀለል ብሎ ተገኘ። ጨምረን «ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ፤ ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን» ብንል 34 ፊደል ነው፤ ለእርስዎ ስድስት አሃዝና ለባንኩ ስም ሌላ 36 ቦታ ይተርፋል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነም «ስልኩ አያነብም» የሚለው ሰበብ ከአሮጌ ቀፎዎች በቀር የሚሠራበት ቦታ ጠቧል።

አሁን «እ.ኤ.አ. ብላችሁ እናንተስ አሳጠራችሁ አይደል?» ሳይሉን አይቀሩም። ልክ ነው። ነገር ግን ወ/ሮ ሲጻፍ ወይዘሮ ተብሎ ይነበባል፣ ት/ቤትም ትምህርት ቤት ይባላል፤ ማሳጠራችን የቀለም ቁጠባ እንጂ ስም መደበቅ አይደለም። ኢሕአዴግን ከጠቀሱብን ግን መልስ የለንም፤ እሱን ይተዉልን።

ጠንካራው ተቃውሞ ይኸኛው ነው፦ መልእክቱ በአማርኛ ቢጻፍም የሚታለል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ አይጠፋም። ማንበብ የማይችል አለ፣ የደነገጠም አያነብም፤ ሌባውም አዲስ ዘዴ ይፈልጋል። ዳሩ ግን ዛሬ ሌባው የሚዋሸው ያለ ተከራካሪ ነው። «ከባንክ ነኝ» ሲል፣ እዚያው ቁጥሩ ያለበት መልእክት ላይ «ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን» የሚል ቃል ቢገኝ፣ ውሸቱ በምስክር ፊት ይነገራል። ማስጠንቀቂያ በበዓል ዋዜማ ከመልካም ምኞት ጋር ሲላክ ይረሳል፤ ከቁጥሩ ጋር ሲመጣ ግን ቁጥሩን ለማንበብ የዞረ ዓይን ያገኘዋል። ማንበብ ለማይችሉትም ቁጥሩን የሚያነብላቸው የልጅ ልጅ አለ፤ ያ ልጅ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያውንም ጮክ ብሎ ያነባል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከላኪዎችዎ ጋር ተነጋግረው ያቺን 34 ፊደል ይዘው እንዲመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን። መልስዎን በጽሑፍ ያድርጉልን። እንዳይደውሉ ብቻ፤ የሚደውል ሰው አናምንም።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአቶ ፒን
ለአቶ ፒዩኬ (10 ጊዜ ካልተሳሳቱ)
ለአቶ ዩኤስኤስዲ (ኔትወርክ ሲኖር)