መጀመሪያ ስልኩ፣ ቀጥሎ ዘይቱ

በጎ ፈቃደኛ ልጆቼ፣ የገና በዓል ደርሷል፤ ማዕድ ማጋራቱም ሊጀመር ነው። ባለፈው በዓል አንዳንዶቻችሁ ዘይቱንና ዱቄቱን አድላችሁ፣ ምንም ሳትቀርጹ ቤታችሁ ገባችሁ አሉ። ዘይቱ ተበልቶ አለቀ። ማን አየው? አይዟችሁ፣ ልምድ ነው። ቀስ ብለን እንማራለን።

አንደኛ፣ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ። ስማችሁ የታተመበትን ከነቴራ ልበሱ። ዘይቱ ቢጎድል ከጎረቤት ትበደራላችሁ፤ ባትሪ ግን ማንም አያበድራችሁም።

ግራ እጅ ቀኝ የሰጠውን አይወቅ የሚሉ አባቶች ያጋጥሟችኋል። በአክብሮት ስሟቸው። ዘይቱ በቀኝ፣ ስልኩ በግራ መሆኑን ግን አስረዷቸው። ግራው ካላወቀ ማን ይቀርጻል?

ሁለተኛ፣ ፈቃድ ጠይቁ። በዚህ አልደራደርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ እንዳይወጣ ይከለክላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ፈቃድ በነጻነት የተሰጠ ይሁን ይላል። ስለዚህ ጊዜውን ምረጡ። እማማ ጀሪካኑን ሳያዩ አትጠይቋቸው፤ ሊያስቡበት ይችላሉ። ከተረከቡ በኋላም አትጠይቋቸው፤ ሊሄዱ ይችላሉ። ትክክለኛው ሰዓት እጀታውን እናንተም እሳቸውም የያዛችሁበት ነው። ፈገግ በሉና «እማማ፣ ብንቀርጽዎ ቅር ይልዎታል?» በሉ። «እንዳላችሁ አድርጉ ልጆቼ» ይላሉ፣ ጀሪካኑን እያዩ። በነጻነት ማለት ይኸው ነው። አሁን እጀታውን መልቀቅ ትችላላችሁ። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክታችሁ ቅጹ ላይ አስፈርሙ። ሐሳባቸውን ቢቀይሩ በየትኛው ኢሜይል እንደሚጽፉላችሁ ከታች አስቀምጡ።

አታስለቅሷቸው፤ ነውር ነው። ስለ ሟች ባለቤታቸው ብቻ ጠይቁና ዝም በሉ። የሚያስለቅሰው መልሱ እንጂ ጥያቄያችሁ አይደለም። እንባው መጥቶ ድምፅ ሳይቀዳ ከቀረ አትደንግጡ። ዘይቱን ተቀበሏቸውና እንደገና ስጧቸው። ብርሃን አንሶ ከሆነ ደጅ አውጥታችሁ አንድ ጊዜ ድገሙት። በአንድ ጀሪካን ሦስት ጊዜ መመጽወት ለአባቶቻችን ያልተሰጠ ጸጋ ነው።

ሕፃናት ላይ ተጠንቀቁ። የልጁን ፊት አደብዝዙ። ዓይኑ አካባቢ ይበቃል፤ ፈገግታው ለሥራችሁ ያስፈልጋል። ዩኒፎርሙ ላይ የተጠለፈው የትምህርት ቤት ስም፣ በሩ ላይ የተመታችው የቤት ቁጥር ቆርቆሮ፣ እናቱ በስሙ ጠርታ «ና፣ ሳመኝ» ስትለው፣ እነዚህ ፊት አይደሉም። ይታዩ፣ ይሰሙ። አለበለዚያ ልርዳው የሚል ደግ ሰው ቤቱን በምን ያገኘዋል?

የእማማን የመድኃኒት ብልቃጥም አስጠግታችሁ አንሱ።

ታሪክ የምትወዱ ካላችሁ ኮረምን አስታውሱ። ጥቅምት 1977 የቢቢሲ ዘገባ እዚያ የተራበውን ሰው ለዓለም አሳየ፤ ዓለምም ደነገጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ድግስ ተካሄደ፣ ገንዘብም ተሰበሰበ። ማን ማን እንደዘፈነ እስከ ዛሬ ይነገራል። የተቀረጹትስ ማን ይባሉ ነበር? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰዓት ይበላል፤ ይለፋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ እንቅስቃሴና የእርዳታ ድርጅቶች 10 ነጥብ ያለው የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። አደጋ የደረሰበት ሰው ተስፋ እንደሌለው ፍጡር ሳይሆን ክብር እንዳለው ሰው ይቅረብ የሚለው 10ኛው ነው። ከ1 ጀምራችሁ አንብቡ። ሲደክማችሁ እረፉ።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ «ሴትዮዋ እኮ ፎቅ አላት» የሚል ሰው አይጠፋም። እማማን ለመከላከል አትቸኩሉ። አንዱ ሲሰድብ ሌላው ይመልሳል፤ በዚህ መሃል ቪዲዮው ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል። ማታ ላይቭ ግቡና ነገሩን በሰፊው አወያዩ። የጽጌረዳና የአንበሳ ስጦታ የሚልኩላችሁን በየስማቸው አመስግኑ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የእማማ ልጅ ከሪያድ ልትደውል ትችላለች። ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ደመወዟ ስለተያዘባት ለእናቷ መላክ ካቆመች ቆይታለች። «እናቴን አውርዱልኝ፣ በእናታችሁ! እዚህ ያለ አበሻ ሁሉ አያት» ትላለች፣ እያለቀሰች። አትቆጧት። ቅጹ ላይ ያለውን አሻራ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት፤ ትረጋጋለች። ስንት ሰው እንዳየላት ንገሯት። ከዚያ ስልኳን መዝግቡ፤ ደመወዟ ሲለቀቅ ለፋሲካው ዘይት ስፖንሰር ትሆነናለች።