በለዲ ሚያ ሚያ

ለአንዲት ዶሮ ሦስት ዋጋ ሲጠራላት ያየሁት ካርቱም ነው፤ ያውም በአንድ ጠዋት፣ ያውም ዶሮዋ ከሽቦ ሳጥኗ ሳትወጣ።

ደይም በሚባለው ሐበሻ በበዛበት ሰፈር ሦስት ወንደላጤዎችና እትዬ አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። እትዬ የጎንደር ሰው ናቸው። መንገድ ዳር ጀበና ጥደው ሱዳኑንም ሐበሻውንም ቡና ሲያጠጡ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር። ዓረብኛቸው ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» የሚል ቢሆንም ተከራክረው ተረትተው አያውቁም።

ለፋሲካ ዶሮ ልንገዛ ገበያ ወጣን። ላስቲክ ለብሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተደረደረውን የእርባታ ዶሮ እትዬ ዞር ብለውም አያዩት። በአርባ ቀን ገደማ ለቢላ እንደሚደርስ አንድ ጊዜ ነግሬያቸው «በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል እንጂ ይታረዳል?» ብለውኛል። ወደ ቁሞቹ ሄድን። ነጋዴው አንዲት ቀይ ዶሮ አሳየንና ዋጋዋን ተናገረ። እትዬ እግሯን፣ ኩክኒዋን፣ ዓይኗን መረመሩና «ዲ ሐበሺያ?» አሉት። የሐበሻ ናት ወይ?

እኛ «የሐበሻ» የምንላትን፣ ግቢ ውስጥ ጭራ የምትበላውን ዶሮ፣ ሱዳኖች «በለዲ» ይሏታል። ካርቱም ገበያ ውስጥ «ሐበሻ» ሲባል ግን የሕዝብ ስም ነው። ሰውዬው ዶሮዋን፣ እትዬንና እኔን ተራ በተራ አየን። ዜግነቷ የተጠየቀች ዶሮ ገጥማው አታውቅም መሰለኝ። ቀስ ብሎ «ጂዳድ በለዲ ነው፣ ያ ኻልታ» አለና ዋጋው ላይ ጥቂት ጨመረ። እትዬ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነገሩ ገባው። «አይዋ! ሐበሺያ! በገላባት ድንበር በኩል ነው የገባችው። ወላሂ፣ ሚያ ሚያ!» ሚያ ሚያ መቶ በመቶ ማለት ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ እጥፍ ሆነ።

ዶሮዋ ያችው ናት። ላባ አልጨመረችም። እትዬ ለወጉ ያህል ተከራክረው ትንሽ አስቀንሰው ከፈሉ። በጆሯቸው «ሰውዬው እኮ አሁን ነው አገር የሰጣት» ብላቸው «ፊቷን አላየኸውም? የኛ ናት» አሉኝ።

ሁለተኛው ወንደላጤ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ማስረጃ ይወዳል። ማታ ሽንኩርቱ ሲቁላላ መጣና እ.ኤ.አ. በ2012 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 237 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው፣ ኦርጋኒክ የሚባለው ምግብ ከሌላው ይበልጥ ገንቢ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ እንዳላገኙ አስረዳ። ሐቀኛ ስለሆነም የፀረ ተባይ ቅሪት በኦርጋኒኩ ላይ አነስ ብሎ መገኘቱን ጨመረበት። እትዬ ማማሰያቸውን ሳያቆሙ ጠየቁት።

«ዶሮ ወጥ ሠርተው ቀምሰዋል?»

«እሱን እንኳ…»

«እንግዲያው ምኑን አጠኑት!»

አጥኚዎች ሸማቹ እንዲህ ያለውን ምግብ የሚገዛው ለጤናው፣ ለጣዕሙ፣ ለተፈጥሮም ብሎ ነው ይላሉ፤ የሚያባርረው ደግሞ የዋጋው መወደድ ነው ይላሉ። እትዬን አላገኟቸውም። እሳቸው የሚጠረጥሩት ሲረክስ ነው።

ያቺ ዶሮ አልበስልም አለች። ጋዙ አለቀ፣ ከሰል ተተካ፣ ከሰሉም አመድ ሆነ፤ እሷ እንዳለች ናት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ልንፈስክ ስንቀመጥ አሥራ ሁለቱም ብልት ከነክብሩ ቀረበ። ጠንካራ ናት ለማለት የደፈረ የለም። ሦስተኛው ወንደላጤ ከቅልጥሟ ጋር እየታገለ «አቤት ጣዕም!» ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለስልሳ ብትገኝ ኖሮ ተታለልን ብለን ነጋዴውን ስንረግም እናድር ነበር። እንደ ጎማ መለመጧ ግን ለከፈልነው ገንዘብ ደረሰኝ ሆነልን።

የአትክልቱ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በአውሮፓ ኦርጋኒክ የተባለ ዕቃ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአረንጓዴ መደብ ላይ በነጫጭ ከዋክብት የተሠራች ቅጠል ትለጠፋለች፤ ከበስተኋላዋ ተቆጣጣሪ፣ ምርመራና የወረቀት ክምር አለ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2006 የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ አውጥታለች፤ ቁጥሩ 488 ነው። የእትዬ ማኅተም ትል ነው። የተበሳሳ ቅጠል ሲያገኙ ፊታቸው ይበራል። «እሱን ያልገደለው እኔን አይገድለኝም» ይላሉ። ምስክርነቱን ሰጥቶ ሲያበቃ ግን ያንኑ ትል ቤት ወስደው በጨው ውኃ ያሰምጡታል።

አንድ ዓርብ ትል ፍለጋ ቱቲ ድረስ ወሰዱኝ። ቱቲ ጥቁርና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ላይ የተኛች ደሴት ናት፤ ካርቱም ሎሚዋንና ቅጠላ ቅጠሏን ከዚያ ስትለቅም ኖራለች። በተንጠልጣዩ ድልድይ ተሻግረን ጀላቢያውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘን። እትዬ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ሰማድ ታደርጊበታለሽ?» አሉት። ማዳበሪያ ማለታቸው ነው።

ሽማግሌው በጣቱ ወደ ወንዙ መምጫ ጠቆመ። «ሰማድ ምን ይሠራልኛል? ወንዙ ጢን ያመጣልኛል። ከናንተ አገር ነው የሚመጣው።»

ጢን ደለል ማለቱ ነው። እውነቱን ነው። ዓባይ በክረምት ከጎጃምና ከወሎ ተራራ እየጠረገ የሚያወርደው ደለል ነው የቱቲን ዳርቻ ሲቀባ የኖረው። ዓባይ ማደሪያ የለውም የሚሉ ሰዎች ቱቲን ባያዩ ነው፤ ግንዱን ይዞ ይዙር እንጂ አፈሩን የሚያራግፍበት ቤትስ ነበረው። ይህን ስሰማ የባለርስትነት ስሜት መጣብኝና «አፈሩ የኛ ከሆነ ታዲያ ለምን እንከፍላለን?» አልኩት።

ሽማግሌው ሳይስቅ «አፈሩን ውሰድ፤ ቲማቲሙን ተወው» አለኝ።

እትዬ አይሰሙንም። አንዲት ቲማቲም በሁለት እጃቸው ይዘው ያሸትታሉ። «የጎጃም አፈር» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ያላየሁትን አደረጉ፤ ሳይከራከሩ ከፈሉ። ትሉንም አልፈለጉም።

ቲማቲሙ የተሰጠን በማዳበሪያ ነው። አማርኛችን ከረጢቱንም በውስጡ የሚመጣውንም በአንድ ስም ጠርቶ ተገላግሏል እንጂ ይኼ ጉዳይ ማብራሪያ ያስፈልገው ነበር፤ ከረጢቱ ላይ ዩሪያ ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩ 46 ይላል። ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው ማለት ነው። ሽማግሌውን አየሁት። እሱም አየኝ። ሳልጠይቀው «ባዶውን ነው የገዛሁት» አለ።

ረክሻ ውስጥ እትዬ ከረጢቱን እንደ ሕፃን አቅፈው «ምን ይላል ጽሑፉ?» አሉኝ።

«46 ይላል።»

«ኪሎው ነው?»

ምላሴን ነክሼ «ይሆናል» አልኩ።

«እኛ የከፈልነው የስድስት ኪሎ አይደል? እንግዲያው አታለልነው!» ብለው ደይም እስክንደርስ ሲደሰቱ ሄዱ።

የመጨረሻዋን ዶሮ የገዛነው ለ2015ቱ ፋሲካ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን፣ ቀዳም ሥዑር፣ እሷ በመስኮቱ ብረት ታስራ ሳለች ጦሩና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ካርቱም ውስጥ መታኮስ ጀመሩ። በዓሉን እንዴት እንዳሳለፍነው አላወራም። ቢላ ማንሳት ያስፈራ ነበር፤ በዚያ ቀን ተጨማሪ ደም ማየት የፈለገ ሰው ግቢያችን ውስጥ አልተገኘም። ዶሮዋ አልጋ ሥር ገብታ እንቁላል ጣለችልን፤ ለአራት ተካፈልነው። ከዚያ በኋላ የከረምንበት የቆርቆሮ ፉል ላይ የደቃቅ ጽሑፍ መዓት ነበረበት። አንድ ቀን ላነብላቸው ስጀምር እትዬ «ዝም ብለህ ክፈተው» አሉኝ።

ስንወጣ ዶሮዋን ለሱዳናዊው ጎረቤታችን ተውንለት። እትዬ ከበሩ ተመልሰው «ሐበሺያ ናት፣ አደራ» አሉት። ሰውዬው በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ደረቱን መትቶ አደራዋን ተቀበለ።

በወድ መደኒ፣ በገዳሪፍ አድርገን፣ ገላባትን አልፈን መተማ ገባን። አቧራው ላይ ተቀመጥን። አንዲት ልጅ ቅቅል እንቁላል በሳህን ይዛ መጣች። እትዬ ሦስት ቀን ሙሉ ከውኃ በቀር የቀመሱት ነገር እምብዛም ነው። አንዱን አነሡና ወደ ብርሃኑ ያዙት።

«የሐበሻ ነው?»

«አይ እማማ፣ የፈረንጅ ነው። ከእርባታ የመጣ ነው» አለች ልጅቱ።

እትዬ ዝም ብለው ሁለት ገዙ። ላጡ፣ ሚጥሚጣውን ነሰነሱ፣ ጎረሱ። ልጅቱ ራቅ እስክትል ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺ ልጅ ንግድ አይሆንላትም። ምን ነበረበት አዎ ብትለኝ?»