ሐተታ ዘእንበለ ኮርቻ

ያለ ኮርቻ መጋለብ ማለት በፈረሱና በጋላቢው መካከል ከሱሪ በቀር ምንም ሳይኖር መሄድ ማለት ነው። ሱሪው ካረጀ ደግሞ ሱሪውም አይቆጠርም። የመጻሕፍት መምህራን ቢጠየቁ እንዲህ ብለው በተረጎሙት ነበር፦ «ያለ ኮርቻ» አለ፤ ኮርቻ ስለሌለው። አንድም ኮርቻ ሳለ አባቱ ስለከለከለው። አንድም ፈረሱን ለመጫን ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ወንዙ ደግሞ እዚሁ ታች ስለሆነ። አንድም ሌሎቹ ልጆች እያዩት ስለሆነ። የዚህ ጥናት አቅራቢ በአራቱም ትርጓሜ ጋልቧል። አራቱም የሚያሳምሙት አንድ ቦታ ነው።

ጥናቱ የተካሄደው በአዊ ምድር፣ ከእንጅባራ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። ቦታው የተመረጠው አጥኚው እዚያ ስለተወለደ ነው። ጥናቱ የሸፈነው ዘመን አጥኚው ከ8 እስከ 14 ዓመት ዕድሜው የነበረበትን ጊዜ ሲሆን፣ የናሙናው ብዛት አንድ ፈረስ ነው። ስሙ ዳማው ይባላል፤ መልኩም ዳማ ነበር። ስሙን ያወጣው አባቴ ነው፤ አባቴ በስም ላይ የሚደክም ሰው አልነበረም።

በአዊ ስለ ኮርቻ ማውራት ስለ ክብር ማውራት ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ሲሰበሰብ፣ ፈረሱ ከግንባሩ እስከ ጭራው ያጌጣል፤ ግላሱ፣ ልጓሙ፣ እርካቡ፣ የአንገቱ ጌጥ፣ አንዱም አይቀርም። ያን ቀን የፈረስ ጀርባ ያየ ሰው የለም። የታሪክ መጻሕፍትም ከዚህ አይሻሉም። ነገሥታቱንና መኳንንቱን አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ እያሉ በፈረሳቸው ስም ይጠራሉ፤ ያንኑ ፈረስ ጠዋት ጠዋት ወንዝ ያወረደው ልጅ ማን እንደነበረ ግን አንድ መስመር አይጽፉም። የእኛም ቤት ኮርቻ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለጥር 23 ይጠበቅ ነበር። በቀሩት ቀናት ፈረሱ የእኛ የልጆቹ ነው። ይህ ጥናት ስለ ቀሩት ቀናት ነው።

፩. ስለ ጀርባ

ጀርባ በሁለት ይከፈላል፦ አልጋና ምሳር። አልጋ የሚባለው ደንደሱ ግራና ቀኝ በሥጋ ተሞልቶ መሐሉ እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለው ነው። ምሳር የሚባለው አከርካሪው ወጥቶ አንድ፣ ሁለት እየተባለ የሚቆጠረው ነው። ይህን ክፍፍል መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ ብዬ ስኮራ ኖሬ፣ ዜኖፎን የሚባል ግሪካዊ የጦር ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ፈረስ ግልቢያ በጻፈው መጽሐፍ ቀድሞኝ ተገኘ። ድርብ የሆነ ጀርባ ለመቀመጥም ይለሰልሳል፣ ለዓይንም ያምራል ይላል። ልክ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ፈረስ ሁለቱንም መሆን እንደሚችል ነው። አዊ በፈረስ የሚታረስበት አገር ነው። ዳማው ክረምቱን ሣር ጠግቦ ከርሞ በጥቅምት አልጋ ይሆናል፤ በጋውን እያረሰና ድርቆሽ እየቆረጠመ ከርሞ በግንቦት ምሳር ይሆናል። በጥቅምት የጋለበ ልጅና በግንቦት የጋለበ ልጅ ስለዚህ ፈረስ ቢከራከሩ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ የማዳበሪያ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ አጥፎ ጀርባው ላይ ጣል ያደረገ ልጅ ያለ ኮርቻ ጋለበ ይባላል ወይስ አይባልም? በሰፈራችን ሁለት ወገን ነበረ። አጥባቂዎቹ ጆንያ የኮርቻ ታናሽ ወንድም ነው፣ የተቀመጠበትም ከጋላቢዎች ማኅበር ይውጣ ይሉ ነበር። ለዘብተኞቹ ጆንያ ለፈረሱ የተደረገ ልብስ እንጂ ለልጁ የተደረገ መቀመጫ አይደለም ብለው ይከራከሩ ነበር። ክርክሩን የፈታው ራሱ ጆንያው ነው። የላስቲክ ጆንያ በላበው የፈረስ ጀርባ ላይ ወደፈለገበት ይሄዳል፤ ሲሄድ ደግሞ ብቻውን አይሄድም። ከዚያ ወዲህ ለዘብተኞቹ ተከታይ አላገኙም።

ለፍትሕ ሲባል የፈረሱም ቃል ይመዝገብ። ደህና ኮርቻ የሰውን ክብደት ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያከፋፍላል፤ ክፉ ኮርቻ ገጣባ ያወጣል። ባዶ ጀርባ ግን የልጁን መቀመጫ አጥንት ያለ አማላጅ ይቀበላል። በግንቦት ወር አጥንት ለአጥንት ስንገናኝ፣ ዳማው አንገቱን አዙሮ ያየኝ ነበር። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

፪. ስለ አወጣጥ

አወጣጥ ብዙ ነው፤ ከካብ ላይ፣ ከጉቶ ላይ፣ በወንድም መዳፍ፣ ጋማ ይዞ በመዝለል። ሕጉ ግን አንድ ነው። ፈረስ ካብ ሥር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ልጁ እግሩን ሲያነሳ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላል። ሁለት አይሆንም፣ ግማሽም አይሆንም። ስለ አወጣጥ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

፫. ስለ አካሄድ

እርምጃ፣ ሶምሶማና ግልቢያ ናቸው። በእርምጃ የተጎዳ ሰው አላጋጠመንም፤ እንለፈው።

ሶምሶማ ፈረሱ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ እግሩን አንድ ላይ፣ ቀጥሎ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ እግሩን አንድ ላይ የሚያነሳበት አካሄድ ነው። ሁለት ምት አለው። በሁለቱ ምቶች መካከል ፈረሱ ለቅጽበት አየር ላይ ይሆናል፤ ጋላቢውም እንደዚሁ። ጣጣው ሁለቱ በአንድ ጊዜ አለመውረዳቸው ነው። ልጁ ሲወርድ ጀርባው ወደ ላይ እየወጣ ይቀበለዋል። እርካብ ያለው ሰው በእግሩ ብድግ እያለ ይህን ግጭት ያመልጠዋል። የጥንት ፈረሰኞቻችን በባዶ እግራቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ በትንሽ እርካብ አስገብተው ይጋልቡ ነበር፤ አንዲት አውራ ጣት ምን ያህል እንደምትጠቅም የሚገባው እርሷንም የሚያስገባበት ያጣ ሰው ብቻ ነው።

በሶምሶማ ላይ ያለ ልጅ «ቀስ በል» ማለት አይችልም። ከአፉ የሚወጣው «ቀ... ቀ... ቀ...» ብቻ ነው። ዳማው ይህን እንደ ማበረታቻ ይወስደው ነበር። በተለይ ከወንዝ ሲመለስ፣ የቤቱ ጭስ ሲሸተው፣ ሌላ ማበረታቻም አያሻውም። ዜኖፎን ጋላቢው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሳይሆን እግሩን ከፍቶ እንደቆመ ሰው ይሁን ብሎ ይመክራል። ምክሩ ባክኖ አልቀረም፤ እኔ ከወረድኩ በኋላም ለሁለት ቀን እንደዚያው እቆም ነበር። ትምህርት ቤት መምህራችን ማን የቤት ሥራውን ትቶ ፈረስ ላይ እንደዋለ ለማወቅ ደብተር አይከፍቱም፤ «ተቀመጡ» ብለው አቀማመጣችንን ያያሉ። እማዬ ደግሞ የምታየው ሱሪ ነበር። የዳማ ጠጉር በላብ ተለጥፎበት የመጣ ሱሪ ፊት ለፊቷ ቆሞ ማስተባበል ከንቱ ነው።

ከሶምሶማ መገላገያው ሁለት ነው፦ ማቆም ወይም መጋለብ። ማቆም የፈረሱ ሥልጣን ስለሆነ መጋለብ ብቻ ይቀራል። ግልቢያ፣ ሽምጡ ሳይሆን መካከለኛው፣ ሦስት ምት ያለውና እንደ ዥዋዥዌ የሚያወዛውዝ ለስላሳ አካሄድ ነው። ያለ ኮርቻ የሚጋልብ ልጅ ሜዳውን ሲያቋርጥ ያየ አላፊ «ወይ ጀግና!» ይላል። ጥናቱ ያረጋገጠው ግን ልጁ ከሕመም ወደ ፍርሃት በመሸሽ ላይ መሆኑን ነው። ሰጋር ፈረስ ያለው ቤት የተወለደ አንባቢ ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል። ዳማው ሰጋር አልነበረም።

፬. ስለ አወዳደቅ

አወዳደቅ በአምስት ይከፈላል፦ የጎን፣ የኋላ፣ የቅርንጫፍ፣ የውሻና የውኃ ዳር። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በየአገሩ ያሉ ናቸው። ጥናቱ የሚያተኩረው በአምስተኛው ላይ ነው።

ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ወንዝ ዳር የሚቆየው ጥቂት አይደለም። ሲጠጣ አንገቱን ቁልቁል ይዘረጋል፤ ዳሩ ዝቅ ያለ ከሆነ የፊት እግሮቹንም ያወርዳል። ኮርቻ ላይ ያለ ሰው ከፊቱ የኮርቻው ጉብታ አለለት። ኮርቻ የሌለው ከፊቱ ጋማ አለ፤ ከጋማው ቀጥሎ ጆሮ አለ፤ ከጆሮው ቀጥሎ ወንዙ አለ። በመካከል ሌላ ጣቢያ የለም።

ይህ አወዳደቅ በአያያዝ አራት ነው።

ሀ) ዝምተኛው ሸርተቴ። ልጁ ምንም አይዝም። ምጣድ ላይ እንደተቀመጠ ቅቤ ቀስ እያለ ይሄዳል። ፊቱ ላይ የሚነበበው ተስፋ ነው፤ ፈረሱ ጠጥቶ እስኪያበቃ እደርሳለሁ ብሎ ያስባል። አይደርስም።

ለ) ጋማ የያዘው። ይህ ከውድቀቱ አይድንም፤ ውድቀቱን ያራዝመዋል። ከአንገቱ በታች ተንጠልጥሎ እግሩ ውኃ ውስጥ፣ ፊቱ ከፈረሱ ጉንጭ ጋር ገጥሞ ይቆያል። ዳማው በዚህ ጊዜ መጠጣቱን አያቋርጥም ነበር።

ሐ) ጆሮ የያዘው። ፈረሱ ደንግጦ ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ልጁም በመጣበት መንገድ ተንሸራትቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ደርሶብኛል። ለማረጋገጥ አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሬ አሥራ አንድ ጊዜ ውኃ ገብቻለሁ።

መ) ፊቱን አዙሮ የተቀመጠው። ይህ የወንድም ጋሼ ግኝት ነው። የሚጥለን ወደ ፊት ስለሆነ ወደ ኋላ ዞረን ብንቀመጥ አይጥለንም ብሎ አሰበ። ከተሞከሩት ሁሉ ሰማይ እያዩ የሚወድቁበት ይህ ብቻ ነው።

ይኸው አወዳደቅ በምስክር ደግሞ ሦስት ነው። ማንም ካላየ ውድቀት አይባልም፤ ገላ መታጠብ ይባላል። ወንዶች ልጆች ካዩ እስከሚቀጥለው ወዳቂ ድረስ ብቻ ይወራል፤ ወዳቂ ደግሞ አይጠፋም። ልብስ የሚያጥቡ ልጃገረዶች ካዩ ግን ውድቀቱ አያልቅም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በዚያ ወንዝ የወደቅሁትን አንዱን ባለፈው ዓመት አንድ ሠርግ ላይ አንዲት የልጆች እናት ከነእጅ ምልክቱ ስትተርከው ሰምቻለሁ። ጆሮ ይዤ እንደነበርም አልዘነጋችም።

ማጽናኛ አለ። የአገራችን ፈረስ አጭር ነው፤ የጫንቃው ከፍታ 1.30 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አንገቱን ሲያጎነብስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በታሪክም ብቻችንን አይደለንም። የጥንት የሰሜን አፍሪካ ኑሚድያውያን ያለ ኮርቻ፣ ያለ ልጓምም ይዋጉ ነበር። በጣሊያን አገር በሲዬና ከተማ በየዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 ፓሊዮ የሚባል ውድድር ይደረጋል፤ ጋላቢዎቹ ኮርቻ የላቸውም፤ ሰውየው በመንገድ ቢወድቅም ፈረሱ ብቻውን ቀድሞ ከገባ አሸናፊ ነው። ሲዬናዎች በአደባባይ ሕግ አድርገው ያወጁትን እኛ ወንዝ ዳር ደርሰንበት ነበር፤ ፈረሱ ጉዳይ አለው፣ ጋላቢው አብሮት መጥቷል። ዳማው በክፋት የጣለኝ ቀን የለም። የሚጠጣው ውኃ ነበረው።

፭. ስለ አወራረድ

ይህ ክፍል በሰባት ንዑስ ክፍሎች እንዲቀርብ ታስቦ ነበር። ለማጠናቀቅም ባለፈው ጥር አገር ቤት ወረድሁ። ዳማው ከሞተ ቆይቷል፤ አሁን ያለው አንድ ዳለቻ ነው። የወንድም ጋሼ የመጨረሻ ልጅ፣ ገና አሥር ዓመቱ፣ ፈረሱን ወንዝ ሊያወርድ ሲነሳ አብሬው እሄዳለሁ አልሁ። «ጋሼ፣ ኮርቻ ልጫንልዎት?» አለኝ። ቅር አለኝ። እምቢ አልሁና ካቡ ላይ ወጣሁ። እግሬን ሳነሳ ዳለቻው አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ። በልጁ መዳፍና በብዙ ማቃሰት ወጣሁ፤ እርሱ ጎረቤታቸው ባዋሰው ፈረስ ተከተለኝ። ሶምሶማው እንደቀድሞው ነው።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ዳለቻው አጎነበሰ። የስድስት ዓመት ጥናት፣ የአራቱም አያያዝ እውቀት በእጄ ሳለ፣ ምንም ሳልይዝ በ«ሀ» መንገድ ሄድሁ። ውኃው ውስጥ ተቀምጬ ቀና ስል ልጁ ዳሩ ላይ በእግሩ ቆሟል፤ የእርሱ ፈረስ ይጠጣል። እንዴት እንዳልወደቀ ጠየቅሁት።

«እኛ እኮ ከመጠጣቱ በፊት እንወርዳለን» አለኝ።

የቀሩት ንዑስ ክፍሎች ተሰርዘዋል። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ መሞከር የሚሻ አንባቢ ይሞክር። ወንዝ ዳር ሲደርስ ግን ይውረድ።