መግባት በነፃ፣ መውጣት በሃያ ዶላር

ከካናዳ ክፍለ ሀገሮች ሁሉ ትንሿ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ናት፤ በቆዳ ስፋትም በሕዝብም። ወደዚያ ለመግባት የሚከፈል ነገር የለም። በድልድዩ ብትመጡ በነፃ ትሻገራላችሁ፤ መኪና በሚጭነው መርከብ ብትመጡም በነፃ ትሳፈራላችሁ። ሒሳቡ የሚመጣው ልትወጡ ስትነሡ ነው። የድልድዩ አሁን 20 ዶላር ነው፤ እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ ደግሞ ከ50 በላይ ነበር (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው)። አሠራሩ ክፋት የለበትም። የገባ ሁሉ መውጣቱ ስለማይቀር አንድ ኬላ ይበቃል ነው ነገሩ። የማይወጣ ሰው ግን አተረፈ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ለትምህርት ሄዳ እዚያው ቀረች። “ለምን ቶሮንቶ አትመጪም?” ስላት፣ “ጋሼ፣ መውጫው ውድ ነው” ትለኛለች። ዋጋው ከወረደ ወዲህ ሌላ ምክንያት እየፈለገች ነው።

ከቶሮንቶ ለሚነሣ ሰው ቀላሉ አውሮፕላን ነው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ በረሮ ዋና ከተማዋ ሻርሎትታውን ያወርዳል። ባቡር እወዳለሁ የሚል ከሞንትሪያል ወደ ሃሊፋክስ በሚሄደው ተሳፍሮ ሞንክተን ላይ ይወርድና የቀረውን በአውቶቡስ ይጨርሰዋል። እኛ በመኪና ሄድን። መንገዱ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳቦ ቆሎው ኩቤክን ሳንጨርስ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉዞ ባልተርከው ለቤተሰባችን ሰላም ይበጃል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ መንገድ የታገሠችው ለድልድዩ ስትል ነው። ኮንፌዴሬሽን ድልድይ ይባላል፤ በ1997 ተከፈተ፤ 12.9 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በክረምት በረዶ በሚሆን ውኃ ላይ ከተሠሩት ድልድዮች በዓለም የሚስተካከለው የለም። ገና መግቢያው ላይ ስልኳን አውጥታ ቀረጻ ጀመረች። ችግሩ የድልድዩ ጠርዝ ከአንድ ሜትር በላይ በሆነ ግንብ የታጠረ መሆኑ ነው፤ ነፋሱን እንዲከላከል። የጭነት መኪና ሹፌር ከላይ ሆኖ ባሕሩን እንደ ልቡ ያያል። የእኛን በመሰለች ዝቅ ያለች መኪና የተቀመጠ ሰው የሚያየው ሲሚንቶ ነው። “ባሕሩ የታለ?” አለች። “ከግንቡ ወዲያ” አልኳት። ሹፌሩ እንዳያንቀላፋ ተብሎ መንገዱ ሆን ተብሎ እንዲጠማዘዝ መደረጉንም ነገርኳት። እንቅልፍ የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም። በአሥር ደቂቃ ተሻገርን፤ ስልኳ ውስጥ ያለው የአሥር ደቂቃ የግንብ ፊልም እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ እንግዳ ሲመጣ ይታያል።

የደሴቲቱ ሰዎች ድልድዩን ራሱ በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም። በ1988 ድምፅ ሲሰጡ ከአሥሩ አራቱ ገደማ ይቅርብን ብለዋል። ታሪካቸውን ሳይ፣ ሰው እንዲመጣባቸው ይፈልጉ አይፈልጉ ገና አልወሰኑም እላለሁ። ድሮ ባሕሩ በክረምት ሲዘጋ መሻገሪያው የበረዶ ጀልባ ነበር። ውኃ ካለ ይቀዘፋል፤ በረዶ ሲሆን መንገደኛው ወርዶ የቆዳ ማንገቻ ትከሻው ላይ አጥልቆ ይጎትታል። ማንገቻው ሁለት ጥቅም አለው፤ በረዶው ከሥር ቢከዳ ሰውየው የሚወጣው በእሱ ተስቦ ነው። ሙሉ ዋጋ የከፈለ ጀልባው ውስጥ ይቀመጣል፤ ዝቅ ያለ የከፈለ ይጎትታል። ይህን ሳነብ አንጀቴ አረረ። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ገፍተን አስነሥተን ሙሉ ሒሳብ ስንከፍል ኖረናል፤ ቅናሽ መጠየቅ እንደሚቻል የነገረን የለም። የበረዶ ጀልባው በ1917 በረዶ ሰባሪ መርከብ ሲመጣ ቀረ።

የባቡሩ ታሪክ ከዚህ ይብሳል። በ1871 ሐዲድ መዘርጋት ሲጀመር ተቋራጮቹ የሚከፈላቸው በማይል ነበር፤ ጠቅላላው ርዝመት ግን ይህን ያህል ይሁን ተብሎ አልተወሰነም። እንግዲህ ፍረዱ። ሐዲዱ ጉብታ ባየ ቁጥር ዞረ፤ መንደር ባየ ቁጥር ጎራ አለ። ደሴቲቱ ዕዳ ውስጥ ገባች፤ በ1873ም ካናዳን ተቀላቀለች፤ ዕዳው ከገፏት ምክንያቶች ዋናው ነው። ካናዳን የመሠረተው ውይይት በ1864 የተጀመረው እኮ እዚያው ሻርሎትታውን ነው! ድግሱን ደግሳ ሳትቀመጥ ቀርታ፣ ኋላ ጠማማ ሐዲድ ጎትቶ አመጣት። ባቡሩ በ1989 ቆመ፤ ሐዲዱ ተነቅሎ ዛሬ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። የተቋራጮቹ ኩርባ ለብስክሌት ነጂ ተስማማ፤ ዳገት የለውም። ድልድዩን ግን በብስክሌት መሻገር ክልክል ነው፤ ብስክሌታችሁ ከእናንተ ጋር በተዘጋጀ መኪና ይጫናል።

መኪናማ አይነሣ። በ1860ዎቹ መጨረሻ አባ ቤልኩር የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ለደሴቲቱ የእንፋሎት መኪና አስመጥተው ነበር፤ በካናዳ ምድር ከታዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ይህችው ደሴት በ1908 መኪና በመንገዷ እንዳይሄድ በሕግ ከለከለች፤ ፈረስ ያስደነግጣል ተብሎ። በ1913 በተወሰኑ ቀናት ይሂድ ተባለ። በግራ መንዳት የቀረውም በ1924 ነው።

ዛሬ መኪና የሌለው ሰው ያለው አማራጭ አውቶቡስ ነው። “ሁለት ብር ብቻ ነው፣ ጋሼ” አለችኝ የአክስቴ ልጅ፤ ዶላር ማለቷ ነው። እውነቷን ነው፤ በሁለት ዶላር ከከተማ እስከ ገጠር ያደርሳል። ቀይ አፈርና የድንች እርሻ በመስኮት እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ሹፌሩን ያመሰግናል፤ አንዲት ሴትዮ ግማሽ አካላቸው ከበሩ ወጥቶ ስለ ሹፌሩ እናት ጤና ጠየቁ፤ ሹፌሩም አብራርቶ መለሰ፤ ከኋላ የተቆጣ የለም። የገጠሩ ጉዞ ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ አንዱ ካመለጣችሁ የሴትዮዋን እናት ታሪክም ለመስማት ጊዜ ይኖራችኋል።

ለመሄድ ያሰባችሁ ከኖቫ ስኮሺያ በኩል በመርከቡ ግቡ። ሰባ አምስት ደቂቃ ባሕሩን ፊት ለፊት ታያላችሁ፤ የመውጫ ዋጋው ከድልድዩ ስለሚበልጥ ስትመለሱ በድልድዩ ውጡ። መርከቡ የሚሠራው ከሜይ እስከ ዲሴምበር ነው፤ በሞቃቱ ወራት ስለሚሞላ ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ።