ሳትቆጥሩን አወቃችሁን?

«የደቡብ ወሎ ቦረና ሰው ማንን እንደሚመርጥ ሳይመርጥም ይታወቃል» ይሉናል። ማን ነገራችሁ? በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች በተወካዮች ምክር ቤት ከ170 በላይ ወንበር አገኙ፤ ቅንጅት ብቻውን 109። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ወሰዱ። በ2007 አንዲትም ለሌላ አልተረፈች። የአገሬው ሰው ሁሉ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ልብ ሆነ ልትሉኝ ነው? ሕዝቡ ያው ነው፤ የጠበበው ምህዳሩ ነው።

«ሙስሊሙ ወዲህ፣ ክርስቲያኑ ወዲያ ይመርጣል» የሚልም አለ። ወንድምዓለም፣ የ1999 ቆጠራ በደቡብ ወሎ ዞን ከመቶው 71 ያህሉ ሙስሊም፣ 29 ያህሉ ኦርቶዶክስ ነው ብሎ ጽፏል። ያልጻፈውን እኔ ልንገርህ። እኛ ዘንድ ሰርግ ሲደገስ የሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፣ ወጡም ለየብቻ ይሠራል፤ ዳሱ ግን አንድ ነው። ሙሽራዋን የሚመርቁት ሼሁም ቄሱም ዘመዶቿ ናቸው። እነዚህን ነው በምርጫ ሣጥን የምትለያቸው?

«የደጋ ገበሬ ለምርጫ ግድ የለውም» አሉ ደግሞ። በ2013 ምርጫው የዋለው ሰኔ 14፣ ያውም ሰኞ። ሰኔና ሰኞ ገጥሞበት፣ በሬውን ፈትቶ፣ ጭቃውን አቋርጦ ጣቱን ቀለም ያስነካን ሰው ግድ የለውም አትበሉት። የዘር ወቅት አንዴ ካለፈ ዓመቱ አለፈ፤ ቀኑን የሚቆርጥልን ይህን ይወቅ።

«ለመሆኑ ስንት ናችሁ?» እሱን እኛ ነን የምንጠይቀው! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ቁጠሩ ይላል። የተቆጠርነው በ1976፣ በ1987፣ በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው አንዴ ለዚህ፣ አንዴ ለዚያ እየተባለ ሲተላለፍ፣ ቆጣሪው በወጣ ማግስት የተወለደው ልጅ 18 ዓመት ሞልቶት መራጭ ሆነ። በየትኛውም ቆጠራ የሌለ መራጭ! ያኔ የዞኑ ሰው 2.5 ሚሊዮን ነበር፣ ከመቶው 88ቱ የገጠር ነዋሪ። ዛሬስ? ስንቱ ወደ ከተማ ወረደ፣ ስንቷ ዓረብ አገር ሄደች? አሜሪካኖች በ2020 እ.ኤ.አ. ተቆጥረው፣ በቆጠራው መሠረት ለቴክሳስ ሁለት የምክር ቤት ወንበር ጨመሩ፣ ከካሊፎርኒያ አንድ ቀነሱ። እኛ ዛሬም በ547 ወንበራችን ላይ ነን፣ የአማራ ክልልም በ138ቱ።

«ለቆጠራ ሰላም ጠፋ» ብትሉ እውነት ነው። ከሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ክልሉ ያየውን እኛም አይተናል። ግን 7ኛው አገራዊ ምርጫ ለ2018 ተቀጥሯል። ለቆጠራ የጠፋ ሰላም ለምርጫ ከየት ተገኘ? አስቀድማችሁ ቆጣሪውን ላኩልን። ከከተማችን ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወገዲም፣ ከለላም፣ አማራ ሳይንትም በሰላም ገብቶ በሰላም ይውጣ። እሱ ባለፈበት መንገድ ሣጥኑም ያልፋል።