ፒያሳ አምሮባታል

ፒያሳ አምሮባታል፤ ማን ይክዳል? መንገዱ ሰፍቷል፣ ሕንጻው ማታ ማታ በመብራት ተጠምጥሞ ገና የገባ ያስመስላል። ከመፍረስ የተረፈው አሮጌ ቤትም በባለንብረቱ ኪስ ግራጫ ተቀብቷል፤ ፊቱን ብቻ ታዲያ። ወደ ጓሮ ዞር ላለ፣ ያው የዛገ ቆርቆሮ፣ ያው የተሰነጠቀ ጭቃ ግድግዳ፣ ያው ሲያንጠባጥብ የሚያድር ቧንቧ። መቼስ እንግዳ በጓሮ አይገባ! ክትፎና ጥሬ ሥጋው የሚናፈቀው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ግን ቀለም እንኳ አልደረሰውም፤ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰና ተገላገለ።

አንድ አዛውንት ነባር ነዋሪ ሰፈራቸው ጠፍቷቸው ጥበቃውን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ዶሮ ማነቂያ በየት በኩል ነው?»

«አባባ፣ የቆሙበት ነው እኮ።»

ደንግጠው ወረዱ። ሣር መርገጥ ክልክል ነዋ!